ማን ይጠየቅላታል?

የእኛ ማኅበር በወር አንድ እሑድ ይሰበሰባል። ተረኛው እንደ አቅሙ ያሰናዳል፤ ዶሮ የሠራም አለ፣ በጾም ወቅት ሽሮና ጎመን ያቀረበም አለ፤ ማንም ማንንም አይመዝንም። ምሳው ተበልቶ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ፣ የታመመው ተጠይቆ፣ የወለደችው እንኳን ማርያም ማረችሽ ከተባለች በኋላ ገንዘብ ያዣችን መዝገቧን ትዘረጋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት የጎዳና ሰዎች ነው። በወሩ የተዋጣው ይቆጠራል፤ የማን የቤት ኪራይ እንደሚከፈል፣ ማን ሐኪም ቤት መወሰድ እንዳለበት፣ ማንን ማን ሄዶ እንደሚያይ ይወሰናል።

ይህን ለሰው ስናገር ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታዲያ ድግሱን ትታችሁ የድግሱን ገንዘብ ለምን አትሰጧቸውም?» የቅን ሰው ጥያቄ ነውና አልቀየምም። ሰው በረንዳ ላይ ተኝቶ እያለ ወጥ እየበሉ ስለ እርዳታ መነጋገር ለሚሰማው ደስ አይልም። የእኔ መልስ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ሄዷል። ድግሱን ብናስቀር ኖሮ ማኅበሩ ዓመት ሳይሞላው ይፈርስ ነበር፤ ማኅበሩ ቢፈርስ ደግሞ ዛሬ የራሳቸውን በር ዘግተው የሚያድሩ ሰዎች እስካሁን ላስቲክ ሥር ነበሩ።

የተጀመርነው በለቅሶ ነው። አንዲት አብራን የተማረች ልጅ ዐርፋ ቀብሯ ላይ ተገናኘን። ከተለያየን ብዙ ዓመት ሆኖን ነበርና ግማሾቻችን ሽበት አውጥተን፣ ግማሾቻችን ተለዋውጠን፣ ስም እስክንለይ ድረስ ዓይን ለዓይን እየተያየን ቆየን። ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ አንዱ «እስከ መቼ በለቅሶ ብቻ እንገናኛለን?» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ማኅበር በዚህች ንግግር ተጀምሯል! በወሩ እሑድ አንዷ ቤት ተሰበሰብን፤ ሰብሳቢያችንን መረጥን፤ እንደ ጥንቱ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ብለን ሰየምናቸው። ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ በሌላ ክፍል የነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ ስለ ጎዳና ሰዎች አንድም ቃል አልተነሣም። የመጣነው ለመጨዋወት ብቻ ነበር።

ጉዳዩን ወደ ቤታችን ያስገባው ሌላ የክፍላችን ልጅ ነው። በሒሳብ ትምህርት ተወዳዳሪ ያልነበረው፣ ለፈተና ያስጠናን የነበረ ልጅ። ከመካከላችን አንዷ ፒያሳ ስታልፍ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ካርቶን ያነጠፈ ሰው ስሟን ጠራት። ከነአባቷ ስም፣ ከነአያቷ ስም፣ መምህራችን ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ እንደሚጠራን አድርጎ ጠራት። እሷ ግን አላወቀችውም። ፊቱን አይታ አይታ ያወቀችው፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ስም ከዚያም የሚቀጥለውን እየጠራ የክፍሉን መዝገብ በፊደል ተራው ሲወርድላት ነው። በዚያ ወር እሑድ ይህን ስትነግረን ቡናው እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሳጥረው ይሻላል፤ የእሱ ነገር የእሱ ነውና። ተራ ገብተን አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አመላለስነው፤ እኅቱን በሰው በሰው አፈላልገን አገኘናት፤ ዛሬ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ መድኃኒቱን ይወስዳል። ትንሽ ቀለል ሲለው ግን ያለን ነገር የማኅበሩን መንገድ ለወጠው። «በረንዳው ላይ ጎረቤቶች አሉኝ» አለን። «ከእኔ የባሱ ናቸው። አንዷማ አራስ ናት።» ወስዶም አሳየን። ጎዳናን ያስተዋወቀን እዚያው የኖረ ወዳጃችን እንጂ ጥናት ወይም ዘመቻ አይደለም፤ የሰዎቹን ስምና ጠባይ አስቀድመን ያወቅነውም በእሱ በኩል ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እያንዳንዳችን በወር አምስት መቶ ብር እናዋጣለን፤ የተሻለ ያለው የተሻለ ይጨምራል፤ የጎደለበት ለገንዘብ ያዣችን በጆሮዋ ይነግራታል፣ እሷም ለማንም አታወራም። ሳያስታውቅ የቀረ ይቀጣል፤ ያረፈደም ይቀጣል። የቅጣቱ ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም ቅጣት መኖሩ ሰውን ያስመጣዋል። ውጭ አገር ያሉት፣ ሜሪላንድም ቶሮንቶም ዱባይም ያሉት፣ በየሩብ ዓመቱ ይልካሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር ሲያልፍ የእነሱ እጅ በዛልን፤ ዳቦውና ዘይቱም አብሮ ወጣና ደስታችን ብዙ አልቆየም። መዋጮውን ዛሬ ብዙዎቻችን በቴሌብር እንልካለን፤ ቢሆንም መዝገቡ በእጅ ይጻፋል፣ በሁላችንም ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ይህን ሁሉ ዝርዝር የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ለተቸገረ የሚያዝነው ልቡ በተነካበት ቀን ነው፤ ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል። በሰቆቃ ታሪክ የተሰበሰበ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ይጎርፍና በሌላው ሳምንት ይደርቃል፤ በዚያ ገንዘብ ቤት የገባ ሰው በሦስተኛው ወር ተመልሶ ይወጣል። ከቤት ሁለተኛ ጊዜ መውጣት ከመጀመሪያው እንደሚብስ ደግሞ ሁለቱንም ካዩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ወር ጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ የሚገኘው ወር ጠብቆ ከሚገናኝ ሰው ብቻ ነው፤ ወር ጠብቆ ለመገናኘት ደግሞ መናፈቅ ያስፈልጋል። እኔ በደከመኝ እሑድ ከቤቴ የሚያስወጣኝ ኃላፊነቴ ብቻ ነው ብል አልታመንም። ጓደኞቼ ይናፍቁኛል። ያቺ ናፍቆት የሰው ኪራይ ትከፍላለች።

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚያድረው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ከገጠር ሥራ ፍለጋ መጥቶ የቀን ሥራ ሲጠፋ አልጋ የሚከፍለው ያጣ ወጣት አለ። ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ አርግዛ የተባረረች ልጅ አለች። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ ወደ ቤተሰቧ መሄድ ያፈረች አለች፤ እኔ ከማውቃቸው ሁሉ ልቤን አብዝታ የምትሰብረው እሷ ናት፣ ቤተሰቡን ስትረዳ የኖረችው ራሷ ናትና። ጦርነት ያፈናቀለው አለ። የአእምሮ ሕመም ያወጣው አለ። ማስቲሽ የሚስቡት ትንንሽ ልጆችም አሉ፤ ለእነሱ የሚሆን ዕውቀትም አቅምም የለንም፤ ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ፈልገን እናገናኛለን እንጂ አንሞክርም። የሁሉም መነሻ የተለያየ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሉም ጋ አገኛለሁ፤ ስለ እነሱ የሚጠየቅላቸው ሰው የለም።

ይህን በደንብ ያሳዩኝ አንዲት አከራይ ናቸው። ወዳጃችን ላሳየን አራስ ክፍል ስንፈልግ ነበር። ቦታው ኮተቤ፣ ወደ ካራ መውጫ ነው፤ በጭቃ የተመረገች አንዲት ክፍል፣ ኮርኒሷ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ በሯ ግን ከውስጥ የሚቀረቀር ጥሩ የብረት በር። እናትዮዋ ሕፃኑን አዝላ ከግድግዳው ጥግ ቆማ መቀርቀሪያውን ታያለች። ከቤቱ ሁሉ ሌላ ምንም አላየችም። እጇን ሰደድ አድርጋ አንድ ጊዜ ገፋችው፤ መልሳ ሳበችው። አከራይዋ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ገንዘቡንስ እሺ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይህች ልጅ ብትታመም፣ ሕፃኑ ቢታመም፣ ማታ ተነሥታ ብትሄድ ማን ይጠየቅላታል?»

«እኛ እንጠየቃለን፣ እማማ።»

«እናንተ እነማን ናችሁ? የመንግሥት ናችሁ? የውጭ ድርጅት ናችሁ?»

ሙሴያችን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረብ አሉ። «አብረን የተማርን ነን፣ እትዬ። ማኅበር አለን። በየወሩ እሑድ በየቤታችን በተራ እንሰበሰባለን።»

«ትበላላችሁ?»

«እንበላለን። ቡናም አለ።»

እማማ ፊታቸው ተፈታ። «እንግዲያ የማትበተኑ ናችሁ» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ የሁለት ሰው ስልክ በልጅ ልጃቸው ደብተር አስጽፈው ቁልፉን ለእኛ ሳይሆን ለእናትዮዋ በእጇ ሰጧት። ለድግሳችን ከዚህ የበለጠ ጠበቃ ቆሞለት አያውቅም። የመንግሥት ደብዳቤ ይዘን ብንሄድ እማማን ማሳመን አንችልም ነበር። ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እንደሚሄድ እማማ በዕድሜያቸው አይተዋል፤ አብሮ የሚበላ ማኅበር ግን የት እንደሚገኝ ይታወቃል። በስልክ ባይገኝ ቤቱ ይኬዳል።

ዋስ ማጣት እንዴት ሰውን ጎዳና ላይ እንደሚያስቀር ለማየት አንድ ሰው ይዞ ወረዳ መሄድ ይበቃል። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ እንዲኖር ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ለመከራየት መታወቂያ ይጠየቃል። በማኅበረሰብ አቀፉ የጤና መድን በነጻ ለመታቀፍ፣ በከተማው ሴፍቲኔት ለመመዝገብ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ሁሉም ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ «የየት ነዋሪ ነህ?» ነው። ክፉ ሰው ያወጣው ሥርዓት አይደለም፤ ብቻውን ለቆመ ሰው ግን መግቢያ በር የለውም።

በቅርብ ዓመታት የወጡ ሁለት ሕጎች በዚህ ረገድ እጃችንን አጠንክረውልናል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቃቸው ልጻፋቸው። አንደኛው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። በዚህ መሠረት ሰነድ የሌለው ሰው የሚያውቀው፣ እሱ ራሱ የተመዘገበ ሰው መስክሮለት ፋይዳ ማውጣት ይችላል። ልብ በሉ፣ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው አብሮ ሄዶ ወረፋ የሚቆምና «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ነው። ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። የኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ውሉም እንዲመዘገብ ያዛል። ቀድሞ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር አምጡ ስንባል አንዱን ሰው ለማስገባት ሌላውን ወደ ክረምት ማዶ እናሸጋግር ነበር። በተግባር አሁንም ከሕጉ በላይ የሚጠይቅ አከራይ አይጠፋም፤ ቢሆንም አዋጁን የሚያውቅ ሰው ከተከራይዋ አጠገብ ሲቆም ንግግሩ ይለወጣል።

ስለ በዓል ግብዣም ሐሳቤን ልናገር፤ ማኅበራችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን እሱ ነውና። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ በሬ ጥሎ ጎዳና ላይ ያሉትን ማብላት የቆየ፣ የተወደደ ልማድ ነው። አያቶቻችን ዝክር አውጥተው ነዳያንን አብልተዋል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን በረመዳን ያፈጥራሉ፤ ማንም ይህን የሚንቅ የለም። ነገር ግን የዛሬውን የበሬ ዋጋ አስቡት። ደህና የተባለው የፋሲካ በሬ ከመቶ ሺህ ብር ያልፋል። እኛ የምንከራያቸው ክፍሎች በወር ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ገደማ ናቸው። በዚያ በሬ ሰባት እናቶች አራት አራት ወር ቤት ውስጥ ያድራሉ፤ አራት ወር ደግሞ ሰው መታወቂያ አውጥቶ፣ ልጁን አስመዝግቦ፣ ቆሎም ቢሆን ቡናም ቢሆን መሸጥ ጀምሮ የራሱን ኪራይ በግማሽ መክፈል የሚጀምርበት ጊዜ ነው። በፋሲካ የጠገበ ሰው ማክሰኞ ይርበዋል። ሌሊቱንም እዚያው በረንዳ ላይ ያድራል፣ ያውም ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር።

ክርክሩ ግን በቁጥር ብቻ አልተቋጨም። አንድ የማኅበራችን አባል፣ ሙስሊም ናቸው፣ «በዓል ቀን ብቻውን የበላ ሰው በዓል አልዋለም» አሉ፤ ትክክል ነበሩ። ስለዚህ በዓልን አልተውነውም፤ ቦታውን ለወጥነው። አሁን በበዓል ቀን ቤት የገቡትም ገና በረንዳ ላይ ያሉትም በየአባሉ ቤት በእንግድነት ይጠራሉ። አንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው፤ ከቤተሰቡ ጋር፣ ከአንድ ትሪ። ሰልፍ የለም፣ ሳህን ይዞ መቆም የለም። ኢፍጣር ደግሞ እኚያው አባል ቤት ነው፤ ጾመኛውም ያልጾመውም እኩል ይቀመጣል።

ፎቶግራፍም የለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ቢለምነኝ አልለሳለስም። ዳቦ ሲቀበል የተነሣው ፎቶ በየስልኩ የዞረ ሰው፣ ነገ ሥራ ሲጠይቅ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ አገር ቤት ያለች እናቱ ስታየው ምን እንደሚሰማው ማሰብ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ ማስረጃ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። የእኛ ማስረጃ መዝገቡ ነው፤ የተጠራጠረም ከእኛ ጋር ሄዶ ሰዎቹን በስማቸው ሰላም ማለት ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ በረንዳዎቹም አብረው ሄዱ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያበራል፣ አካባቢው የት እንደነበር ለመለየት ያስቸግራል። የቤቱ ባለቤትና ተከራይ በየፊናው ተዘዋወረ፤ በረንዳ ላይ የነበረውን ግን የትም የሚመዘግበው አልነበረም። የምናውቃቸው ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከዓይናችን ጠፉ። ወዳጃችን፣ ያ የክፍላችን ልጅ፣ ከሙሴያችን ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየድልድዩ ሥር እየዞረ ፈለጋቸው። ገሚሶቹን ወደ መርካቶ፣ ገሚሶቹን ወደ ለገሃር አገኟቸው፤ ያልተገኙም አሉ። ስማቸው አሁንም መዝገባችን ላይ አለ፤ በየወሩም ይነበባል።

ከተገኙት መካከል አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መርካቶ ውስጥ በተሸካሚነት የኖሩ፣ ወገባቸው ሲከዳቸው ኪራይ የማይከፍሉ የሆኑ። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ብርድ ልብስ ይዘንላቸው ሄድን። ተቀበሉና ከጭናቸው ላይ አስቀምጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ካሉ በኋላ ሙሴያችንን አተኩረው እያዩ «እድር አላችሁ?» አሉ። መጀመሪያ አልገባንም። «ብርዱን ለምጄዋለሁ» አሉ። «ስሞት ማዘጋጃ ቤት እንዳይቀብረኝ ነው የምፈራው። ሰው እንዲቀብረኝ እፈልጋለሁ።»

እድር የሚገባው በሰፈር ነው፤ ሰፈር የሌለው ሰው እድር የለውም። ሕይወቱን ሙሉ የሰው ሸክም የተሸከመ ሰው የእሱን ሬሳ ማን እንደሚሸከም ሳያውቅ ይተኛል። በዚያ ወር እሑድ ስለ እሳቸው የተነጋገርነው ረጅም ጊዜ ነው። አንዳንዱ ቃል እንግባላቸው አለ፤ አንዳንዱ ቃል ብቻ አይበቃም አለ። በመጨረሻ ገንዘብ ያዣችን ስማቸውን ከተረጂዎች ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን ከአባላት ዝርዝር ውስጥ ጻፈችው። ይህን ስንነግራቸው እሳቸው አንድ ነገር ጠየቁ፤ መዋጮው ስንት ነው? አምስት መቶውን አልነገርናቸውም፤ «እንደ አቅም ነው፣ አባባ» አልናቸው። በየወሩ አሥር ብር ይከፍሉ ነበር። አንድም ወር አላሳለፉም። ክፍል ካገኘንላቸው በኋላ ደግሞ የቡና ተራም ይድረሰኝ ብለው አስቸገሩ፤ ደረሳቸውም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥና ደጃፉ ላይ ተጨናንቀን፣ ጎረቤት ሴት አፍልታልን፣ እሳቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው እንግዳ ሲያስገቡ ያየኋቸውን ያህል ኩራት የተሞላበት ባለቤት በማንም ቤት አላየሁም።

ሲያርፉ ሁላችንም ቀበርናቸው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ መርካቶ የሚያውቋቸው ተሸካሚዎች ሬሳውን ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው ተሸከሙ። መዋጮ ስንሰበስብ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ መጥቶ የእኛም ስም ይጻፍ አለ። አሁን ጥቂቶቹ አባላት ናቸው።

ትንሽ ማኅበር ትንሽ መሆኑን ማወቅ አለበት። በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ በቤተሰቡ ቤት የጀመረው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ ይጦራል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃሉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ያጣናቸው አበበች ጎበና ከወሎ ድርቅ ሁለት ሕፃናት ይዘው በመመለስ የጀመሩት ሥራ ለስንት ሺህ ልጆች እናት እንዳደረጋቸው አገር ያውቃል። አስታማሚ ሌት ተቀን የሚያስፈልገውን ሰው እኛ አንችለውም፤ እንዲህ ያለውን ወደሚችሉት እንወስዳለን፣ ወስደንም እየሄድን እንጠይቃለን። የእኛ ድርሻ አንድ ክፍል፣ አንድ መታወቂያ፣ አንድ ዋስ ሲያገኝ የሚቆመው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከምናስበው በላይ ብዙ ነው፤ ለእሱም ትልቅ ማዕከል ሳይሆን በየሰፈሩ ብዙ ትንንሽ ማኅበር ያስፈልጋል። እድሩ፣ የጽዋው ማኅበር፣ የመሥሪያ ቤቱ የቡና ክበብ፣ የድሮ ተማሪዎች ስብስብ ሁሉም አሉ፤ መዝገብ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ ቅጣትም አላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ብቻ ቢጠየቁለት ከተማው ውስጥ ምን ያህል በር እንደሚከፈት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን የያዝነው ሙግት ስለ ምዝገባ ነው። ወጣት አባሎቻችን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በድርጅትነት እንመዝገብ ይላሉ። ማኅተም ይኖረናል፣ በሦስት ሰው ፊርማ ከሚንቀሳቀስ የጋራ ሂሳብ ወጥተን በስማችን ሂሳብ እንከፍታለን፣ ከኩባንያዎች እርዳታ መጠየቅ እንችላለን፣ ዝግጅት አዘጋጅተን ገንዘብ እናሰባስባለን ይላሉ። ያሉት ሁሉ እውነት ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ማዘዙንም እወደዋለሁ፤ የእኛ እስካሁን ዜሮ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሪፖርት፣ ኦዲት፣ ቢሮ እያለ ሲመጣ እሑዱ ስብሰባ ብቻ ሆኖ ይቀራል ብለው ይሰጋሉ። እድርና እቁብ ከአዋጁ ውጭ እንደተተዉ ሁሉ እኛም በባህላችን እንቆይ የሚሉ ናቸው።

እኔ ከሁለቱም ወገን ጋር ብዙ ተነጋግሬያለሁ። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጣል፤ ተራው በኮተቤዋ ክፍል የምትኖረው እናት ነው፣ እማማም ይገኛሉ። እኔ እንመዝገብ ብዬ እጄን አነሣለሁ፤ የምንከፍለው ኪራይ በዝቷልና የእኛ መዋጮ ብቻውን አይችለውም። ነገር ግን መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ካልገባ ድምፄን እመልሳለሁ፤ ማኅበሩ በወር አንድ እሑድ በአባላት ቤት በተራ ተገናኝቶ አብሮ ይበላል የሚል፣ በድምፅ ብልጫም የማይሻር። ረቂቁን ጽፌ ለሙሴያችን ሰጥቻቸዋለሁ። አነበቡትና ከ«ይበላል» ቀጥሎ በእስክሪብቶ «ቡናም ይጠጣል» ብለው ጨመሩበት።